ያውቁ ኖሯል? ማዕበል የሚረጨው ሜዳና 36 ጎል የገባበት ቅዳሜ

ስኮትላንድ ስትነሳ የእኛ ሰው አፍ ላይ ቶሎ የሚመጡት ሴልቲክና ሬንጀርስ ናቸው። ለዛሬ ሁለቱን ትልልቆች ትተን ወደ ምሥራቁ የባሕር ዳርቻ እንውረድ። እዚያ አርብሮዝ የምትባል፣ 24 ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። የከተማዋ ክለብ የተመሠረተው በ1878 ነው። የላይኛውን ሊግ አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ የስኮትላንድን ዋንጫም አንስቶ አያውቅም። ወሬው ግን ዋንጫ ካከማቹት ክለቦች ወሬ ይጥማል። ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ይያዙልን።

ክለቡ የሚጫወትበት ጌይፊልድ ፓርክ፣ ባሕሩ ሲሞላ ከውሃው የሚርቀው አምስት ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በአውሮፓ ለባሕር ከዚህ የቀረበ ስታዲየም እንደሌለ ይነገርለታል። በብርዱ ወራት የሰሜን ባሕር ሲቆጣ ማዕበሉ ግንቡን ተሻግሮ ተመልካቹ ላይ ይፈሳል። ሌላው ዓለም ዝናብን ከላይ ነው የሚጠብቀው፤ የአርብሮዝ ደጋፊ ከጎንም ይመጣበታል።

ነፋሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ተጫዋች ነው። ጌይፊልድ ላይ ሳንቲም ተወርውሮ ዕጣው የወጣለት አምበል ቀድሞ የሚያስበው ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚነሳ ነው። ነፋስ በፊቱ የቆመ በረኛ አጥብቆ የመታት ኳስ አየር ላይ ተንሳፍፋ ወደ ራሱ የቅጣት ክልል ትመለስበታለች። ከሞቀ ስታዲየም የመጣ ባለብዙ ደመወዝ ቡድን እዚህ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። የሜዳው ባለቤቶች ግን ኳስን መሬት ለመሬት ማንሸራሸርን በልጅነታቸው ተምረውታል። ብዙ ክለቦች «ሜዳችን 12ኛ ተጫዋቻችን ነው» ይላሉ፤ ይህን ለማለት እውነተኛ መብት ያለው አርብሮዝ ይመስለናል።

ክለቡ ወደዚህ ስፍራ የመጣው በ1880 ነው። ቦታው ከዚያ በፊት የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ነበር።

የክለቡ ቅጽል ስምስ ከየት መጣ? ክለቡና ደጋፊዎቹ «ሬድ ሊኽቲስ» ይባላሉ፤ በስኮቶች አነጋገር «ባለ ቀይ መብራቶቹ» እንደማለት ነው። ድሮ በጨለማ የሚመለሱ የዓሣ ጀልባዎችን ወደ ወደቡ አፍ የሚመራ ቀይ መብራት ነበር፤ ስሙ ከዚያ ወጣ። ማሊያቸው ግን ደማቅ ቀይ እንዳይመስልዎ፤ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው።

መብራት ከተነሳ አንድ ነገር ሳንጨምር ማለፍ አይሆንልንም። ከአርብሮዝ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕሩ ውስጥ፣ ውሃው ሲሞላ የሚሰወር አለት አለ። ስንቱን መርከብ እንደበላ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን በዚህ አለት ላይ የቤል ሮክን የመብራት ማማ አቆመ፤ ግንባታው በ1810 ተጠናቅቆ መብራቱ የካቲት 1 ቀን 1811 ተለኮሰ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በማዕበል ሲደበደብ የኖረው ማማ ዛሬም ቆሟል። የጠባቂዎቹ ቤተሰቦች የሚኖሩት ግን የብስ ላይ፣ አርብሮዝ ውስጥ በ1813 በተሠራው የምልክት ማማ ነበር። ይህ ማማ ከጌይፊልድ ጥቂት ራመድ ብሎ ይገኛል፤ አሁን ሙዚየም ነው። የከተማው ሰው እንደሚተርከው ከጠባቂዎቹ የአንዱ ሚስት ስትወልድ ማማው ላይ ልብስ ይሰቀል ነበር፤ ሱሪ ከሆነ ወንድ፣ ቀሚስ ከሆነ ሴት። አባትየው ባሕር መሐል ቆሞ በመነጽር አይቶ የምሥራቹን ይሰማል።

አሁን ወደ ኳሱ እንመለስ።

ታላቁ ሬንጀርስ በአርብሮዝ ተሸንፎ ሲያበቃ ሜትር ይዞ ሜዳ እንደለካ ያውቁ ኖሯል? በ1884-85 የስኮትላንድ ዋንጫ ጌይፊልድ ላይ 4 ለ 3 ተረታ። የግላስጎው ሰዎች ሽንፈቱ አልዋጥላቸው ቢል ወደ ከተማቸው ቴሌግራም ላኩ፤ የተሸነፉት ሜዳ ላይ ሳይሆን የልብስ ማስጫ ጓሮ በምታህል ሣር ላይ መሆኑን የሚገልጽ። በዚያ አላበቁም። የመጫወቻው ወርድ ሲለካ ደንቡ ከሚፈቅደው ትንሹ ልክ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ጎድሎ ተገኘ። የአንድ ስንዝር ጉዳይ ነው እንግዲህ። አቤቱታቸው ተቀባይነት አግኝቶ ጨዋታው ተደገመ፤ ሬንጀርስ 8 ለ 1 አሸነፈ። ደንብ ደንብ ነው፤ ቢሆንም በስንዝር ጉድለት ያን ያህል ጎል መግባቱ እስካሁን የሚገርማቸው የአርብሮዝ ሰዎች አሉ። እውነቱን ለመናገር በ8 ለ 1 የተሸነፈ ቡድን ስለ ስንዝር ብዙም ባያወራ ይሻለው ነበር።

የዚህን ብስጭት ዋጋ የከፈለው ግን ሬንጀርስ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት መስከረም 12 ቀን 1885፣ በእኛ አቆጣጠር አዲሱ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን መስከረም 3 ቀን 1878 መሆኑ ነው፣ ከአበርዲን የመጣ ቦን አኮርድ የሚባል ቡድን ለስኮትላንድ ዋንጫ የመጀመሪያ ዙር ጌይፊልድ ደረሰ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ዝናብም ነበረበት።

ውጤቱን ብዙዎች ሰምተውት ይሆናል፤ አርብሮዝ 36፣ ቦን አኮርድ 0። በእግር ኳስ መዛግብት ለረጅም ዘመን ያልተደፈረ ቁጥር ነው። ከውጤቱ ጀርባ ያለው ነገር ግን እምብዛም አይወራም።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለቀው 15 ለ 0 ነበር። ከዕረፍት በኋላ 21 ተጨመረ። ሒሳቡን ሲያሰሉት በየሁለት ደቂቃ ተኩሉ አንድ ጎል ማለት ነው። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ የጎል መረብ የሚባል ነገር አልነበረም። መረብን የፈለሰፈው የሊቨርፑሉ መሐንዲስ ጆን ብሮዲ ነው፤ ሐሳቡን ያስመዘገበው ከዚህ ጨዋታ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ጌይፊልድ ላይ ጎል በገባ ቁጥር ሰው ሮጦ ኳሷን ከሄደችበት ማምጣት ነበረበት። ዳኛው ዴቭ ስቶርሞንት ጎሉ ከዚህ ያላለፈው ጊዜው ኳስ ፍለጋ ስላለቀ መሆኑን ቆይተው ተናግረዋል። ደግሞ ሌላ ጸጸት ነበራቸው፤ ሰባት ጎሎችን ከጨዋታ ውጪ ብለው መሻራቸው። የአርብሮዝ ልጆች ቅብብል እጅግ ፈጣን ስለነበረ ውሳኔያቸው ትክክል መሆኑን ራሳቸውም ተጠራጠሩት። በዘመኑ ደንብ ደግሞ አንድ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ እንዳይባል በእሱና በጎሉ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው። ሰባቱ ቢጸድቁ ኖሮ 43 ይሆን ነበር።

የፍጹም ቅጣት ምትም ገና አልተደነገገም፤ የመጣው በ1891 ነው። 36ቱም በጨዋታ የተቆጠሩ ናቸው።

ከነዚህ ውስጥ 13ቱን ብቻውን ያስቆጠረው ጆን ፔትሪ የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ ወዳጆቹ «ጆኪ» ይሉታል። በብሪታንያ በአንድ ዋና ውድድር ጨዋታ ከዚህ የበለጠ ጎል ያገባ ሰው እስከ ዛሬ የለም። በብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ይህን ቁጥር የደረሰበት አውስትራሊያዊው አርቺ ቶምፕሰን ነው፤ በ2001 አውስትራሊያ አሜሪካን ሳሞአን 31 ለ 0 ስታሸንፍ እሱም 13 አግብቷል። በሁለቱ መካከል 116 ዓመት አለ።

የአርብሮዙ በረኛ ጂም ሚልንስ? ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ኳስ አልነካም። ዝናቡ ሲበረታበት ከአንድ ተመልካች ጃንጥላ ተውሶ ከሥሩ ተጠልሎ ጨዋታውን እንደ ማንም ሰው ሲያይ ዋለ። ወዲያ ማዶ የነበረው የቦን አኮርዱ አንድሩ ሎርኒ ግን በረኛ እንኳ አልነበረም፤ የመሐል ሜዳ ተጫዋች ሆኖ ሳለ በዚያ ቀን ጎል ላይ ያቆሙት ሰው ነው። ስለ ሎርኒ የሚያዝን ሰው ቢኖር እኛም አብረነው ነን።

ቦን አኮርዶች የክሪኬት ቡድን እንደነበሩና የውድድሩ ጥሪ በስሕተት ደርሷቸው እንደመጡ የሚወራ ወሬ አለ። ደስ የሚል ተረት ነው፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን አይቀበሉትም። ትክክለኛው ምክንያት ቀለል ያለ ነው። በ1880ዎቹ የስኮትላንድ ኳስ ማዕከል ምዕራቡ፣ ግላስጎውና አካባቢው ነበር። አበርዲን ውስጥ የመጀመሪያው ክለብ የቆመው ገና በ1881 ነው። ዋንጫው ደግሞ ለፌዴሬሽኑ አባላት ሁሉ ክፍት ሲሆን የጉዞ ወጪ እንዳይበዛ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በአካባቢ ይደለደሉ ነበር። ኳስ ትናንት የጀመረ ልጅ ለዓመታት ከተጫወተ ጎልማሳ ፊት ይቆማል ማለት ነው። 36 ለ 0 የአርብሮዝን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የድልድሉንም ጉድለት ያሳያል።

ለዚህም ማስረጃው እዚያው ቀን አለ። በዚያችው ቅዳሜ፣ በዚያው ውድድር፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ደንዲ ሃርፕ የሚባል ክለብ ሌላውን የአበርዲን ቡድን አበርዲን ሮቨርስን 35 ለ 0 እንዳሸነፈ ያውቁ ኖሯል? ታሪኩን የሚያጣፍጠው ቆጠራው ነው። ዳኛው 37 ብለው መዝግበው ነበር። የሃርፕ አንድ ኃላፊ ግን «እኔ የቆጠርኩት 35 ነው» አሉ። ዳኛውም በጎል ብዛት ግራ ተጋብቼ ይሆናል ብለው በ35 ተስማሙ፤ ያው ጸደቀ። ቀድሞ በአርብሮዝ ይጫወት የነበረ አንድ የሃርፕ ተጫዋች «ሪከርድ ሰበርን» ብሎ ለድሮ ጓደኞቹ ቴሌግራም ቢልክ 36 ለ 0 የሚል መልስ መጣለት፤ ያሾፉብኝ ነው ብሎ ሳቀ ይባላል። ኃላፊው ዝም ቢሉ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለ ደንዲ ሃርፕ ነበር።

የአርብሮዝ ቁጥር በመጨረሻ የተደፈረው በአፍሪካ ምድር ነው። በጥቅምት 2002 ማዳጋስካር ውስጥ አስ አዴማ 149 ለ 0 አሸነፈ። ጎሎቹን ግን አሸናፊው አላስቆጠራቸውም፤ በዳኛ ውሳኔ የተናደዱት ተጋጣሚዎች፣ የኤስ ኦ ሌሚርን ተጫዋቾች፣ ኳሷን እየደጋገሙ ወደ ራሳቸው ጎል በመምታት ተቃውሟቸውን የገለጹበት ነበር። ስለዚህ ቢያንስ በብሪታንያ ተጋጣሚ ላይ አግብቶ የማሸነፉ ክብር አሁንም የአርብሮዝ ነው ብንል የሚከራከረን አይኖርም።

ከ36ቱ በኋላስ? ቀጣዩ ዙር ላይ ጎረቤታቸውን ፎርፋርን 9 ለ 1 ረቱ። ጉዟቸው የቆመው በኤዲንብራው ሂበርኒያን ነው።

ከዚህች ከተማ ክለብ የወጣ ትልቅ ስም ቢጠየቁ ኔድ ዶይግ ይበሉ። የአርብሮዝ በረኛ ሳለ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል። በ1890 ወደ እንግሊዙ ሰንደርላንድ ሄዶ አራት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ፀጉሩ ያለቀበት ሰው ስለነበረ ሁሌም ቆብ ያደርግ ነበር፤ እንዳይወልቅበትም በላስቲክ አገጩ ሥር ያስረዋል። ሰንደርላንድ ምዝገባው ሳያልቅ ቸኩሎ ስላሰለፈው ሁለት ነጥብ ተቀነሰበት፤ በእንግሊዝ ሊግ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥብ የተቀነሰው በዚህ ሰው ሰበብ ነው። በ1904 ሊቨርፑል ሲገባ 37 ዓመቱን አልፎ ነበር፤ ለሊቨርፑል በዚያ ዕድሜ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገ ሌላ ተጫዋች የለም።

አርብሮዝ ወደ ስኮትላንድ ሊግ የገባው በ1921 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሜዳው እንደ አዲስ ተሠራ፤ መጫወቻው ከቀድሞው ቦታ ፈቀቅ ብሎ ዛሬ ያለበት ላይ ተዘረጋ። ነሐሴ 29 ቀን 1925 መርቀው የከፈቱት የስትራዝሞር መስፍን ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ሴት ልጃቸውን ኤልሳቤጥን ለንጉሡ ልጅ ድረው ነበር፤ እሷም በኋላ ንግሥት ሆነች፤ የዳግማዊት ኤልሳቤጥ እናት ናት። በነገራችን ላይ የከጨዋታ ውጪ ደንብ ከሦስት ተጋጣሚ ወደ ሁለት የወረደው በዚያው በ1925 ነው። ጆኪ ፔትሪ በዚህ ደንብ ተጫውቶ ቢሆን ብለው የሚያስቡ ከሆነ እኛም አስበነዋል።

ጌይፊልድ ትንሽ ሜዳ ነው። የሚይዘው 6,600 ሰው ያህል ሲሆን አብዛኛው ቆሞ የሚያይ ነው፤ ወንበሩ ዘጠኝ መቶ አይሞላም። ታዲያ የካቲት 23 ቀን 1952 ሬንጀርስ ለዋንጫ ጨዋታ ሲመጣ 13,510 ሰው ገብቶበታል። ዛሬ ካለው የከተማዋ ሕዝብ ጋር ሲተያይ ከግማሽ በላይ ነው። እንዴት እንደተጠጋጉ መገመት ነው።

በብዙ የአውሮፓ ስታዲየሞች የሁለቱ ቡድን ደጋፊዎች በአጥርና በፖሊስ ይለያያሉ። እዚህ ግን በተለመደው ቀን ተደበላልቀው ይቆማሉ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሲያልቅ ደጋፊው ቡድኑ ወደሚያጠቃበት ጎል በእግሩ ዞሮ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ከተቃራኒው ደጋፊ ጋር ተላልፎ፣ ሰላምታ ተለዋውጦ፣ አንዳንዴም ተሸሟጥጦ።

ጥቂት ቁጥሮችን ቶሎ ቶሎ እንበላቸው። በ1958-59 ዴቭ ኢሰን በአንድ የሊግ ዘመን 45 ጎል አግብቷል፤ ክለቡም በዚያ ዓመት ወደ ላይኛው ሊግ አደገ። ቶም ካርጊል 445 የሊግ ጨዋታ ለአርብሮዝ ተሰልፏል። አሰልጣኝ አልበርት ሄንደርሰን ከ1962 እስከ 1980 ወንበራቸው ላይ ቆዩ፤ ዛሬ በየሦስት ወሩ አሰልጣኝ የሚያባርሩ ክለቦች ይህን ቢያነቡት መልካም ነው። በ1947 ቡድኑ የስኮትላንድ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በአበርዲን 2 ለ 0 ወጣ።

አርብሮዝ ግላስጎው ድረስ ሄዶ ሬንጀርስን በገዛ ሜዳው አይብሮክስ ላይ 3 ለ 2 ማሸነፉንስ ያውቁ ኖሯል? ቀኑ የካቲት 2፣ ዓመቱ 1974 ነው። የአይብሮክስ ወርድ ሙሉ ልኩ ስለሆነ አቤት የሚባልበት አልተገኘም። ይሁንና በቀጣዩ ዓመት አርብሮዝ ከላይኛው ሊግ ወረደ፤ ከ1975 ወዲህም አልተመለሰም።

ክለቡ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ሻምፒዮንነት ያገኘው መቼ ይመስልዎታል? በ2011። ያውም በአራተኛው፣ በመጨረሻው ደረጃ። ከዚያ በፊት ያደገው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ እየወጣ ነበር። 133 ዓመት መጠበቅ ማለት አያት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እያወረሱ «ለከርሞ» ማለት ነው።

እኛ ግን የአርብሮዝን ታሪክ ትልቁን ምዕራፍ ይምረጡ ብንባል 36ቱን ጎል አንመርጥም። የምንመርጠው ዋንጫ ያልተነሳበትን የ2021-22 ዘመን ነው።

ዲክ ካምቤል የተባሉት ሽማግሌ አሰልጣኝ በ2016 ሲመጡ ክለቡ ታች አራተኛው ደረጃ ላይ ነበር። ረዳታቸው መንትያ ወንድማቸው ኢያን ነበሩ። በ2017 አንድ ደረጃ አደጉ፤ በ2019 ሌላ ደረጃ፤ እና ቻምፒየንሺፕ ገቡ። ከዚያ በላይ ያለው ሴልቲክና ሬንጀርስ የሚጫወቱበት ሊግ ብቻ ነው። በ2021-22 በዚያ ምድብ ካሉት አሥር ክለቦች ተጫዋቾቹን በትርፍ ሰዓት የሚያሠራው አርብሮዝ ብቻ ነበር። ልጆቹ ቀኑን በየሥራቸው ውለው ማታ በሳምንት ሁለት ቀን ይለማመዳሉ። ተጋጣሚዎቻቸው ጠዋት ተነሥተው ኳስ ከመምታት ሌላ ሥራ የላቸውም።

ያም ሆኖ አርብሮዝ ለወራት ሊጉን መራ። የመሐል ሜዳው ሚካኤል ማኬና የምድቡ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ሚያዝያ 22 ቀን 2022 ነገሩ በተፎካካሪው በኪልማርኖክ ሜዳ ላይ ለይቶለት የሚያበቃበት ቀን መጣ። አርብሮዝ ቀድሞ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ግን ኪልማርኖክ አቻ ሆነ፤ ቀጥሎም ብሌር አልስተን ሁለተኛውን አስቆጠረ። ዋንጫው ወደ ኪልማርኖክ ሄደ፤ በመጨረሻው ሰንጠረዥ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ሁለት ነጥብ ነው። ሁለተኛ የወጣው አርብሮዝ በማሟያ ጨዋታ ኢንቨርነስን ገጠመ። ሁለቱም ጨዋታ ያለ ጎል አለቀ፤ ኢንቨርነስ ሁለት ሰው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በዘጠኝ ሰው ቀርቶ እንኳ ጎሉን ማስከፈት አልተቻለም። በፍጹም ቅጣት ምት አርብሮዝ ተሸነፈ።

እዚህ ላይ የሜዳው ጉዳይ ይመጣል። ወደ ላይኛው ሊግ ለማደግ ገንዘብ ያላቸው ክለቦች አብዛኛውን ጊዜ ዳር ወጥተው አዲስ ስታዲየም ይሠራሉ፤ አሮጌው ሜዳ ለሱፐርማርኬት ይሸጣል። የአርብሮዝ ሰዎች ያን ሁሉ ነጥብ የሰበሰቡት አያቶቻቸው በቆሙበት ግንብ ሥር ነው። ከጌይፊልድ ሌላ ቦታ ላይ ያ የትርፍ ሰዓት ቡድን ሁለተኛ ይወጣ ነበር ብለን አናምንም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ታች አዘነበለ፤ ካምቤል በ2023 ተሰናበቱ፣ ክለቡም በ2024 ወረደ። በዓመቱ በ2025 ግን ሊግ 1ን አሸንፎ ተመለሰ። ያሰለጠኑት ሁለቱ ሰዎች ዴቪድ ጎልድና ኮሊን ሃሚልተን የቡድኑ ተጫዋቾችም ነበሩ።

አርብሮዝ ያለችበት የአንገስ ግዛት ራሱ የትንንሽ ክለቦች ምድር ነው፤ ሞንትሮዝ፣ ፎርፋርና ብሬቺን ጎረቤቶቿ ናቸው። ዲክ ካምቤል ከአራቱ ሦስቱን አሰልጥነዋል። የብሬቺን ሜዳ በአንድ ወገኑ በግንብ ፋንታ የታጠረው ከሰው ቁመት በሚበልጥ በተከረከመ የቁጥቋጦ አጥር ነው። ይኸው ብሬቺን በ2017-18 ቻምፒየንሺፕ ላይ 36 ጨዋታ አድርጎ አንድም አላሸነፈም፤ ዓመቱን የጨረሰው በአራት ነጥብ ነው። ስለ ፎርፋር ደግሞ የእንግሊዝ ቀልደኞች ለዓመታት የሚያነሱት አንድ ቀልድ ነበር፤ ውጤት አንባቢው «ኢስት ፋይፍ 4፣ ፎርፋር 5» ብሎ ምላሱ ሲተሳሰር። ቀልዱ በሐምሌ 2018 እውነት ሆነ፤ ሁለቱ ቡድኖች 1 ለ 1 ተለያይተው ፎርፋር በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸነፈ።

ከኳሱ ወጣ ብንል፣ አርብሮዝ በስኮትላንድ ታሪክ ውስጥም ቦታ አላት። የስኮትላንድን ነጻነት ለሮማው ጳጳስ ያስረዳው የ1320ው ደብዳቤ የተጻፈው በከተማዋ ገዳም ነው። ነገሥታቱ ሲነግሡ የሚቀመጡበት የዕጣ ድንጋይ በ1950 የገና ዕለት በተማሪዎች ከለንደን ተሰርቆ ሲፈለግ ከርሞ፣ ሚያዝያ 1951 የተገኘው በዚሁ ገዳም ፍርስራሽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የከተማዋ ምግብስ? በእንጨት ጭስ የበሰለ ዓሣ፣ «አርብሮዝ ስሞኪ» ይሉታል። ከ2004 ጀምሮ ከከተማዋ በ8 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ካልተዘጋጀ በዚህ ስም መሸጥ በሕግ አይቻልም።

በስኮትላንድ የሚኖሩ ወይም ለሥራ የሚሄዱ አንባቢ ከሆኑ ከደንዲ በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አርብሮዝ ይደርሳሉ፤ ከጣቢያው ወደ ሜዳው በእግር ነው። ካፖርት ይያዙ፣ ጃንጥላውን ግን ይተዉት፤ ያ ነፋስ አያስዘረጋዎትም።